ከሰነዱ እስከ ጎጡ፦ የድህነት ቅነሳ ዕቅድ እንዴት ይሠራል?

በ2008 ዓ.ም የኢትዮጵያ የድህነት ወለል 7184 ብር ነበር። ለአንድ አዋቂ ሰው፣ ለአንድ ዓመት። በቀን ሲካፈል ሃያ ብር አይሞላም። ምግቡ፣ ልብሱ፣ ኪራዩ፣ ሳሙናው፣ የልጁ ደብተር፣ ሁሉም ከዚያው ነው። ከዚህ በታች የሚኖር ሰው ድሃ ተብሎ ተቆጠረ። ከመቶ ኢትዮጵያዊ 23.5ቱ እንደዚያ ነበሩ።

እንዲህ ያለ ቁጥር በዜና ስንሰማ ኖረናል። "ድህነት በዚህን ያህል በመቶ ቀነሰ" ይባልና ዜናው ወደ ሌላ ጉዳይ ያልፋል። ግን ማን ቆጠረ? እንዴት ቆጠረ? ከተቆጠረስ በኋላ መንግሥት ምን አደረገ? ብዙዎቻችን ይሄ የባለሙያ ጉዳይ ነው ብለን እንተወዋለን። እኔ ግን ማንም ሰው ሊገባው ይገባል ባይ ነኝ። የሚቆጠረው የእኛው ማጀት ነው፣ የሚወጣውም የእኛው ገንዘብ።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። አንድ መንግሥት ድህነትን ለመቀነስ ምን ያህል እንደቆረጠ ማወቅ ከፈለጋችሁ የዕቅድ ሰነዱን ብቻ አታንብቡ። ሁለት ሌሎች ወረቀቶች አሉ። አንዱ በጀቱ ነው። ሌላው ቀበሌ ላይ የሚነበበው የተረጂዎች የስም ዝርዝር። ሰነዱ ምኞቱን ይነግራችኋል፤ ገንዘቡ የት እንደገባና ማን እንደደረሰው የሚታየው በእነዚህ ነው።

ጣሳው ስንት ኪሎ ነው?

ሁሉም ነገር ከቆጠራ ይጀምራል። በኛ አገር ይህን የሚሠራው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ነው። በየጥቂት ዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በናሙና ይመረጣሉ። መረጃ ሰብሳቢ ቤታቸው ድረስ እየተመላለሰ ምን እንደበሉና ምን እንደገዙ ይመዘግባል።

እስቲ አንዱ ቤት አብረን እንግባ። ባለፉት ቀናት ስንት ጤፍ ተፈጨ? ዘይቱ በስንት ተገዛ? ሽሮው ከገበያ ነው ወይስ ከቤት? ከጓሮ የተሸመጠጠው ጎመን ቢገዛ ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር? እማወራዋ "ሁለት ጣሳ" ትላለች። መረጃ ሰብሳቢው ጣሳው ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ማወቅ አለበት። የአንዱ አገር ጣሳ ከሌላው አይገጥምማ። "ትንሽ ቡና" ብትለውም "ትንሽ" የሚለውን ወደ ግራም መለወጥ የእሱ ፈንታ ነው። አድካሚ ሥራ ነው። ግን ያ ትልቁ አገራዊ ቁጥር የሚሠራው ከዚህች ጣሳ ነው። እዚህ ታች የተዛነፈ ነገር እላይ ሲደርስ ይገዝፋል።

ለምን ስለ ገቢ ብቻ አይጠየቅም? ገበሬው ገንዘብ በእጁ የሚገባው በአመዛኙ ምርት ሲሰበሰብ ነው። የቀን ሠራተኛው ዛሬ ያገኛል፣ ነገ ያጣል። ደግሞ ሰው ገቢውን ለማያውቀው ሰው መናገር አይወድም። የበላውን መናገር ይቀለዋል። ስለዚህ የሚለካው ፍጆታው ነው።

ከዚያ ወለሉ ይሠመራል። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2200 ኪሎ ካሎሪ ያስፈልገዋል ተብሎ ይነሳል። ያንን ያህል ለማግኘት ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸው ሰዎች የሚበሉት ምግብ በአንድ ዘምቢል ይታሰባል። እህሉ፣ ጥራጥሬው፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ዋጋ ይወጣለታል። በላዩ ምግብ ላልሆነው ወጪ ይጨመርበታል። በ1988 ዓ.ም ይህ ሁሉ ተደምሮ በዓመት 1075 ብር መጣ፤ በወር ዘጠና ብር ገደማ መሆኑ ነው። በ2003 ዓ.ም 3781 ብር ሆነ። በ2008 ዓ.ም 7184 ደረሰ። የኑሮ ውድነቱን ከዚህች መስመር ብቻ ማንበብ ይቻላል።

በዚህ መለኪያ በ1988 ዓ.ም ከመቶ ሰው 45.5ቱ ድሃ ነበር። በ1992 ዓ.ም 44.2 ሆነ፣ በ1997 ዓ.ም 38.7፣ በ2003 ዓ.ም 29.6፣ በ2008 ዓ.ም 23.5። በዚያ በመጨረሻው ዓመት ገጠሩ 25.6 ከተማው 14.8 በመቶ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ መቀነስ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን መካድ ለሠራው ሰው ሁሉ ግፍ ነው።

ግን መስመር የሚደብቀው ነገር አለ። በዓመት 7100 ብር የሚያወጣ ሰው 100 ብር ቢጨመርለት "ከድህነት ወጣ" ይባላል። በ3000 ብር የሚኖረው ኑሮው ተሻሽሎ 5000 ቢደርስ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ቁጥር ቶሎ ማሳየት የሚፈልግ ባለሥልጣን ለመስመሩ የቀረቡትን ይረዳል፤ ታች ያሉት ይቀራሉ። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። ከ1997 እስከ 2003 ዓ.ም ባለው ጊዜ አጠቃላይ ድህነቱ በደንብ ሲቀንስ፣ በጣም ድሃ የሆኑት 15 በመቶ ሰዎች ግን ኑሯቸው ወደ ኋላ መሄዱን የዓለም ባንክ ግምገማ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት የምግብ ዋጋ ነበር። እህል ሸጦ የሚኖረው ተጠቀመ፤ ገዝቶ የሚበላው ተጎዳ።

በብር ብቻ የማይለካ ሌላ ስሌትም አለ። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይ? ንጹሕ ውኃ አለ? መጸዳጃ ቤት፣ መብራት፣ የሚያበስሉበት ማገዶስ? በ2011 ዓ.ም የጤና ጥናት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በዚህ ስሌት ሲቆጠር ድሃው ከመቶ 68.7 ሆነ። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። አንድ ሰው አንዱን ቁጥር ብቻ ይዞ ሲከራከራችሁ የትኛውን እንደያዘ ጠይቁት።

ዕዳው ያመጣው ሰነድ

ኢትዮጵያ ዕቅድ መጻፍ የጀመረችው ቅርብ ጊዜ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከ1950 ዓ.ም ጀምሮ ሦስት የአምስት ዓመት ዕቅዶች ነበሩ። ደርግም በ1977 ዓ.ም የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ። ያ ዓመት ስሙ ሲነሳ ለሰው ትዝ የሚለው ግን ዕቅዱ አይደለም። የ77ቱ ድርቅ ነው።

"ድህነት ቅነሳ" የሚለው ስም በዕቅድ ሽፋን ላይ የመጣው በዕዳ በኩል ነው። ድሃ አገሮች በብድር ተጨናንቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት አንድ ነገር አሉ፦ ዕዳችሁ እንዲቀነስ ከፈለጋችሁ፣ የሚተርፈውን ገንዘብ ለድሃው እንዴት እንደምታውሉት ራሳችሁ ጽፋችሁ አምጡ፤ ስትጽፉም ሕዝባችሁን አማክሩ። ኡጋንዳ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድማ የራሷን የድህነት ማጥፊያ ዕቅድ አውጥታ ስለነበር እንደ አርአያ ታየች።

ኢትዮጵያ ጊዜያዊውን ሰነድ በ1993 ዓ.ም አቀረበች። በ1994 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ሙሉው ሰነድ ወጣ። ስሙም የዘላቂ ልማትና የድህነት ቅነሳ ፕሮግራም ነበር። ለዝግጅቱ ከመቶ በላይ ወረዳዎች ውስጥ ሕዝብ ተሰብስቦ ተጠይቋል። ሰው ምን እንደሚጠይቅ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፦ ውኃ፣ መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት። እነዚህ ሰነዱ ውስጥ ገቡ። የብር ምንዛሪ፣ የመሬት ፖሊሲ፣ የብድር ጣሪያ የመሳሰሉት ግን ጎጥ ላይ የሚወሰኑ አልነበሩም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም። በየአገሩ ሕዝቡ የሚጠየቀው "ምን ያስፈልግሃል?" ተብሎ ነው፤ "ገንዘቡ ከየት ይምጣ፣ ከማን ይቀነስ?" ተብሎ አይደለም። ከባዱ ውሳኔ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ዕቅድ ማለት ምርጫ ነውና። ያኔ የተመረጠው መንገድ ግብርና መር የኢንዱስትሪ ልማት ይባል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ድሃው የሚኖረው ገጠር ነው፣ ኑሮው እርሻ ነው፣ ስለዚህ ከእርሻው እንጀምር። ትምህርት፣ ጤና፣ መንገድ፣ ውኃና ግብርና "ድህነት ቀናሽ ዘርፎች" ተባሉ። የመንግሥት ወጪ ከግማሽ በላዩ ወደ እነሱ እስከመሄድ ደረሰ። ይህ በአፍሪካ ደረጃ ከፍተኛ ነበር።

ከዚያ ከ1998 ዓ.ም የሚቀጥለው የአምስት ዓመት ዕቅድ መጣ። በ2003 ዓ.ም የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተከተለ። ልብ በሉ፣ "ድህነት" የሚለው ቃል ከርዕሱ ወጣ። ዓይኑም ወደ ግድብ፣ ባቡር፣ ስኳር ፋብሪካ ዞረ። ሐሳቡ መጥፎ ነው አልልም። ያለ መብራት ፋብሪካ የለም፤ ያለ ፋብሪካ ለወጣቱ ሥራ የለም። ግን ከስኳር ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ በተባሉበት ጊዜ አልደረሱም። ብድሩ ግን ጊዜውን ጠብቆ ደረሰ። አንድ ብር ፋብሪካ ግንባታ ላይ ከዋለ የገጠር ውኃ ላይ አልዋለም። ዕቅድ የሚጽፍ ሰው በየገጹ ይህን እየመረጠ ነው፣ ተናገረውም አልተናገረውም።

ሐምሌ አንድ

አሁን ወደ በጀቱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ወራት ቀደም ብሎ የገንዘብ ሚኒስቴር ከግብርና ከብድር ምን እንደሚገባ ይገምታል። ለየመሥሪያ ቤቱ የበጀት ጣሪያ ይሰጣል። መሥሪያ ቤቶች ከጣሪያው በላይ ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይቆረጥባቸዋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያየዋል። ሰኔ ላይ ፓርላማ ያጸድቀዋል። ለክልሎች የሚሄደው ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ባወጣው ቀመር ነው። ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎቹ ያካፍላል።

የዕቅዱ ዕጣ የሚለየው ወረዳ ላይ ነው። ከ1995 ዓ.ም ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ራሳቸው እንዲደለድሉ ተደረገ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቅርብ ያለ ሰው ችግሩን ያውቃል። ግን የወረዳውን በጀት ገልጣችሁ ብታዩት አብዛኛው ደመወዝ ነው። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የግብርና ባለሙያው ይከፈላቸዋል። የሚተርፈው ትንሽ ነው። ሞተር ሳይክል አለ፣ ነዳጅ የለም። ጤና ኬላው ተከፍቷል፣ መድኃኒት አልቋል። መምህር አለ፣ ጠመኔ የለም። ገጠር ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ያም ሆኖ ደመወዙን "በሰው ላይ የባከነ" ብሎ ማቃለል ስሕተት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መሰማራት ጀመሩ። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። ቁጥራቸው ከሠላሳ ሺህ በላይ ደረሰ። ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት፣ የእናቶች ክትትል፣ የመጸዳጃ ቤት ነገር ያስተምራሉ። በ1992 ዓ.ም ከ1000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም ቁጥሩ 67 ሆነ። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የእነዚህ ሴቶች እግር ግን በእርግጥ አለበት። በወረዳ የበጀት ወረቀት ላይ የሚታዩት "ደመወዝ" በምትል አንዲት መስመር ብቻ ነው።

በ1997ቱ ምርጫ ማግሥት የሆነውም ለዚህ ያስረዳል። ለጋሾች በፖለቲካው ቀውስ ምክንያት በቀጥታ ለመንግሥት ካዝና የሚሰጡትን እርዳታ አቆሙ። ታዲያ መምህሩና ነርሷ ምን ይሁኑ? በ1998 ዓ.ም የመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም የሚባል ተዘጋጀና ገንዘቡ በሌላ መንገድ ወደ ወረዳ መውረድ ቀጠለ። ከዚያ ጋር አንድ ግዴታ መጣ፦ ወረዳው በጀቱን ሰሌዳ ላይ ይለጥፍ። ስንት ለትምህርት፣ ስንት ለጤና፣ ስንት ለውኃ፣ በሰው ቋንቋ ተጽፎ።

መለጠፍ ምን ይጠቅማል የሚል ካለ የኡጋንዳን ነገር ይስማ። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 የኡጋንዳ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይልክ ነበር። ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለጥገና። ተመራማሪዎች ገንዘቡን ከካምፓላ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተከተሉት። በአማካይ በር የደረሰው 13 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረው በመሐል ቀርቷል። መንግሥት ከዚያ በኋላ ለየአውራጃው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማተም ጀመረ። ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በራቸው ላይ እንዲለጥፉ ታዘዙ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲለካ የሚደርሰው ገንዘብ ከ80 በመቶ በላይ ሆኗል። ሌሎች እርምጃዎችም አብረው ስለነበሩ ሁሉም የጋዜጣው ውጤት ነው ባይባልም፣ ወላጅ "ይህን ያህል ተልኮልናል፣ የት አለ?" ማለት መቻሉ ነገሩን ለውጦታል። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይሞቃል። በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው እኮ።

የስም ዝርዝሩ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዕቅድ ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኝበት ቦታ።

በ1995 ዓ.ም በድርቅ ምክንያት እርዳታ የፈለገው ሰው ከ13 ሚሊዮን በላይ ነበር። ያኔ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ። ብዙ ወረዳዎች ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም በየዓመቱ እህል ይለመንላቸዋል። ልመናው ይዘገያል። ስንዴው የሚደርሰው ገበሬው በጉን፣ ከዚያ ጥጃውን፣ ከዚያ በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው። ሰውየው ከሞት ይተርፋል፣ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት የለውም። ስለዚህ "ችግሩ በየዓመቱ እንደሚመጣ ካወቅን ለምን በየዓመቱ እንደ አዲስ እንደነግጣለን?" ተባለ። በ1997 ዓ.ም ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጀመረ። ሲነሳ ለአምስት ሚሊዮን ገደማ ሰው ነበር፣ በኋላ ወደ ስምንት ሚሊዮን ተጠጋ።

አሠራሩ ይህ ነው። መሥራት የሚችል ቤተሰብ በዓመት ለስድስት ወር፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን የአካባቢ ሥራ ይሠራል። እርከን፣ የተፋሰስ ሥራ፣ የጠጠር መንገድ፣ የትምህርት ቤት ክፍል። ሥራው የሚሠራው ማሳው ሥራ በማይፈልግበት ወቅት ነው። ለአንድ ቀን ሦስት ኪሎ እህል ወይም ለዚያ የሚመጥን ብር ይከፈላል። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕሙማንና አካል ጉዳተኞች ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ነፍሰ ጡርና አራስም ከአካፋው ትርቃለች።

ግን ማን ይግባ? ሲጀመር የወጣው መመሪያ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበትን ቤተሰብ ይል ነበር። ወረዳው ለቀበሌው ኮታ ይልካል። ቀበሌው ለየጎጡ ያካፍላል። የጎጡ ሰዎች ተሰብስበው ይለያሉ። እስቲ ወሎ ውስጥ አንድ ደጋ ጎጥ እናስብ። እሁድ ነው፣ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። የተላከው ኮታ ለስልሳ ሰው ነው እንበል። የተቸገረው ግን መቶ ነው። ጸሐፊው ስም ይጠራል።

"አያ እገሌ በሬ አላቸው፣ እሳቸው ይውጡ" ይላል አንዱ።

"በሬውማ አንድ ነው ልጄ። የማርሰው በመቀናጆ ነው፤ ተራዬ እስኪደርስ ዝናቡ ያልፈኛል" ይላሉ ሽማግሌው።

አንድ በሬ ያለው ሰው ድሃ ነው ወይስ አይደለም? ዋና ከተማ ያለው የስታቲስቲክስ ቀመር ይህን አይመልስም። ጎረቤት ይመልሳል። ማን መቀናጆ እንደሚያርስ፣ ማን መሬቱን ለእኩል እንደሰጠ፣ የማን ልጅ ከዓረብ አገር ብር እንደምትልክ የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የዚህ ዘዴ ጉልበቱ ይህ ነው። ድክመቱም ከዚያው ይመጣል። ዘመድ የሌላት፣ ስብሰባ ላይ የማትናገር፣ ከሊቀመንበሩ ጋር የተጣላች ሴት ስሟ ሊዘለል ይችላል። ለዚህ አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ተደንግጓል። ኮሚቴው የሚሠራበት ቀበሌና የማይሠራበት ቀበሌ ልዩነት የሰማይና የምድር ነው።

ሌላም ነገር ይከሰታል። ስልሳውን ለመቶ ማካፈል። ስድስት አባል ያለው ቤተሰብ ሦስቱ ብቻ ይመዘገባሉ፣ ለሌላው ጎረቤት ቦታ እንዲተርፍ። ከላይ ለሚያየው ይህ ብልሽት ነው። እታች ላለው ግን መተዛዘን ነው፤ ነገም አብሮ የሚኖር ሰው ነውና አንዱን አብልቶ ሌላውን ማስራብ አይሆንለትም። የሚከፈለው ግን ተበጣጥሶ ከወር ወር አያደርስም። እኔ በዚህ ጉዳይ የጎጡን ሰው መውቀስ አይሆንልኝም። ኮታው ከችግሩ ቁጥር ሲያንስ የሚሆነው ይህ ነው። ኮታውን ያሳነሰው ደግሞ በጀቱ ነው።

የብሩ ነገርም አለ። በ1997 ዓ.ም የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። ያኔ ሦስት ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ የታሰበ ነው። በ2000 ዓ.ም የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም ወደ 10 ብር ከፍ አለ። ገበያው ግን አይጠብቅም። ብር ተቀባዩ ሦስት ኪሎ መግዛት ሲያቅተው "ኧረ እህሉን ስጡን" ማለት ጀመረ። የዕቅድ ባለሙያዎች ብር ይሻላል ይላሉ፤ ማጓጓዣው ይቀላል፣ የአካባቢው ገበያም ይነቃቃል። እውነት ነው። ግን ብሩ ከዋጋ ጋር አብሮ ካልጨመረ የዋጋ ንረቱን አደጋ ከመንግሥት ትከሻ አውርዶ ድሃው ላይ መጫን ይሆናል። ክፍያው ሲዘገይም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ የሚበላ ጠፍቶ፣ ብሩ እሸት ሲደርስ ቢመጣ በሬው አስቀድሞ ተሸጧል። ሴፍቲኔቱ የተቋቋመው ያንን ሽያጭ ለማስቀረት ነበር።

በሰዓቱ ሲከፈል ግን ይሠራል። ለዓመታት በመደበኛነት ያገኙ ቤተሰቦች በዓመት የሚርባቸው ጊዜ ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረላቸው ጥናት አሳይቷል። አንድ ወር ለኛ ትንሽ ይመስላል። ለእናት ግን ሠላሳ ምሽት ነው።

ከዚያ "ምረቃ" ይመጣል። ቤተሰቡ ራሱን ከቻለ ይወጣል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ምረቃም የዕቅድ ቁጥር ሆነ። ይህን ያህል ሺህ ሰው አስመርቁ ሲባል በግ ገዝቶ ገና አንድ ዓመት ያልሞላው ሰው ይመረቃል። የሚቀጥለው ድርቅ መልሶ ያስገባዋል፤ ኮታ ካገኘ ማለቴ ነው።

ከተማው ዘግይቶ ነው የታሰበው። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ ደሴን፣ ሐዋሳን፣ ጅግጅጋን ጨምሮ በ11 ከተሞች ለ604 ሺህ ሰው ተጀመረ። ማለዳ መንገድ የሚጠርጉትን፣ አበባ የሚተክሉትን እናቶች አይታችኋል። ከደመወዛቸው 20 በመቶው በስማቸው ይቆጠባል። ሲጨርሱ በቁጠባውና በሚጨመርላቸው ገንዘብ ጉልት ወይም እንጀራ ሽያጭ ይጀምራሉ። ገጠሩ ላይ የሚታየው የምረቃ ጥያቄ እዚህም አለ። የመሸጫ ቦታ የሌላት እናት ገንዘቡን ይዛ የት ትቀመጥ?

እንደገና መቁጠር

አሁን ያለው የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ እስከ 2022 ዓ.ም ድህነትን ከ19 በመቶ ወደ 7 በመቶ አወርዳለሁ ይላል። መነሻው 19 ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ቤት ለቤት ተዞሮ ጣሳ ተመዝኖ የተገኘ ቁጥር አይደለም። "ኢኮኖሚው እንዲህ ካደገ ድህነት እንዲህ ይቀንሳል" ተብሎ የተገመተ ነው። ሲገመት በእጅ የነበረው የመጨረሻ ቆጠራ የ2008ቱ ነው። ከዚያ በኋላ ኮቪድ መጣ። የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ቦረናና ሶማሌ ውስጥ ዝናብ ለተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ ከብት አለቀ። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ የዘይትና የመድኃኒት ዋጋ ተከትሎ ወጣ። እነዚህን ሁሉ ያላየ መነሻ ይዞ 7 ላይ መድረስን መለካት ከባድ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ የድህነት ቁጥር ሲነገር ጥቂት ነገር ጠይቁ። ተቆጥሮ ነው ወይስ ተገምቶ? በየትኛው ዓመት ዋጋ? መረጃ ሰብሳቢው በግጭት ምክንያት ያልደረሰባቸው ዞኖች አሉ ወይ? ካሉ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ከመስመሩ በላይ ተደረጉ ወይስ በታች?

ወረዳ ስትሄዱ ደግሞ ሰሌዳውን እዩት። የበጀቱ ወረቀት ካለ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ አንብቡ። ከሌለ የፋይናንስ ክፍሉን በር አንኳኩና የት እንደተለጠፈ ጠይቁ።